ውሃ የሚያጎድል ስሌት

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ነዝናዛዋ» ነው የሚሏት። አንድ ጥያቄ ከያዘች አትለቅም፤ መልሱን ነግረዋት እንኳ ሌላ ቀን ያንኑ ይዛ ትመጣለች። ሥራዋ ወንዝን በስሌት ማስኬድ ነው፤ ዝናቡ ይህን ያህል ከጣለ፣ የግድቡ በር በዚህ ፍጥነት ከተከፈተ፣ ውሃው የት ይደርሳል? ስሌቱ ከባድ ስለሆነ የሚሠራው አንድ አዳራሽ በሞላ ሱፐርኮምፒውተር ላይ ነው።

የድሮውን ፕሮግራም የጻፉት አለቃዋ ናቸው። ገና ከትምህርት ቤት ስትወጣ አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን ያስጨበጧት እሳቸው ስለሆኑ «ጋሼ» ትላቸዋለች። ፕሮግራማቸው ግን ከአሮጌው ማሽን ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ሌላ ላይ ሲጭኑት ወይ አይነሳም፣ ወይ ይንቀራፈፋል። እሷ የወጣትነት ዕድሜዋን የፈጀችው አንዴ ተጽፎ በየትኛውም ማሽን ላይ፣ ያውም በሙሉ ጉልበቱ፣ የሚሮጥ አዲስ ፕሮግራም ስትጽፍ ነው። ጓደኞቿ ተድረው ሲያልቁ እሷ ኮዷን አግብታ ቀረች እያሉ ይስቁባት ነበር። አብራ ትስቃለች፤ ሥራውንም አታቆምም።

አዲሱ ማሽን በገባበት ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ግድቡ ጢም ብሎ ሞላ። የግድቡ መሐንዲስ ደውሎ በሮቹን በማግስቱ ሊከፍት እንዳሰበ፣ ስሌቱንም እስከ ምሳ ሰዓት እንደሚፈልግ ተናገረ። የድሮው ፕሮግራም ውሃው ከወንዙ ዳር አያልፍም አለ። የእሷ ግን የወንዙ መታጠፊያ ላይ ገንፍሎ ታችኛው ሰፈር ይገባል አለ። ታችኛው ሰፈር ታናሽ እህቷ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች።

አለቃዋ ሁለቱ ፕሮግራሞች ያወጧቸውን ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ። ከዚያ የድሮው በስንት ክረምት እንዳልዋሸ፣ የእሷ ግን ገና ሙከራ ላይ መሆኑን አስረድተው፣ ለመሐንዲሱ የድሮውን እንደሚሰጡ ነገሯት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰባት። እስከ ምሳ እንዲታገሷት ለምና ወጣች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነበር። አንድ ሰፈር ሙሉ በከንቱ አስደንግጣ ብታስወጣስ? ያንኑ ኮዷን አሮጌው ማሽን ላይ ጫነችው፤ ያው መልስ። መታጠፊያውን ብቻ ቆርጣ ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ኮምፒውተር ሞከረችው፤ አሁንም ያው። ስልኳን አንስታ እህቷን ልጆቹን ይዛ እሷ ቤት እንድትመጣ ጠየቀቻት።

«ምን ሰምተሽ ነው እትዬ?»

«ገና ምንም አልሰማሁም። ዝም ብለሽ ነይ።»

ከዚያ ማንም ልጅ ሊጠይቀው የሚችለውን ጥያቄ ጠየቀች፤ የገባው ውሃ፣ ከወጣውና ከቀረው ጋር እኩል ነው ወይ? በእሷ እኩል ነው። በድሮው ጎደለ። የጎደለበትን እያሳደደች መስመር በመስመር ወረደች። ፕሮግራሙ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል፣ በጣም የሳሳ ውሃ ያገኘበትን መሬት ደረቅ ነው ብሎ ውሃውን ይጥለዋል። በደህናው ክረምት የሚጣለው ከቁጥር አይገባም። ዘንድሮ ግን ውሃው ሜዳ ለሜዳ ተንጣልሎ ስለሚሄድ፣ እየተጣለ የተጠራቀመው አንድ ሐይቅ ያክል ነበር።

ቢሮአቸው ስትገባ አለቃዋ ለመሐንዲሱ ሊደውሉ ስልኩን አንስተዋል። የጎደለውን ውሃ ያሰላችበትን ወረቀት ፊታቸው ዘረጋች። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ።

«ስንት ቦታ ሞከርሽው?»

«ሦስት ማሽን ላይ፣ ጋሼ።»

እንደገና አነበቡት። ከዚያ ቁጥሩን ደወሉ።

«ነገን አትጠብቅ» አሉት መሐንዲሱን። «አሁኑኑ፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ ክፈት። የታችኛውን ሰፈር ሰው አስወጡ። የእኔ ፕሮግራም ውሃ ይሰርቃል።»

የሰፈሩ ሰው ሳይመሽ ወጣ። ውሃው መታጠፊያውን አልፎ ገባ፤ በሩ ቀድሞና ቀስ ብሎ ስለተከፈተ ግን ከጉልበት በላይ አልሆነም። የእህቷ ፍራሽና ወንበር ተበላሸ፣ የጎረቤቷ አጥር ወደቀ፤ የሞተ ሰው የለም። እህቷ ቤቱ እስኪደርቅ እሷ ዘንድ ከረመች፤ ልጆቹም ሥራ አላሠራ አሏት።

ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ጠዋት አለቃዋ ወንበራቸውን እየጎተቱ ጠረጴዛዋ ዘንድ መጡ። አዲሱን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ እንድታስረዳቸው ጠየቁ። አስተማሪዋን ማስተማር ከበዳት፤ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ በጣቷ አሳየቻቸው። እሳቸው ግን መጠየቅ ጀምረው ነበር።