ለጃፓናዊቷ እንግዳችን ያዘጋጀነው መርዶ

ልጄ ከተመረቀችበት ሃይስኩል ደውለው፣ ለሳይንስ ውድድር ከጃፓን የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፣ አንዷን ለአንድ ሳምንት ታስተናግጂልናለሽ ወይ ሲሉኝ ሳላንገራግር እሺ አልኩ። ልጄ ኮሌጅ ገብታ ክፍሏ ባዶውን ነው፤ ቤቱም ጭር ብሎብኝ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ቻምብሊ የምትባል ከተማ ያለው ቤታችን ሰፊ ባይሆንም እንግዳ አይጠላም።

የመጣችው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራ የምታስቀምጥ። የምትማረው ሂሮሺማ ነው። እዚያ ቦምቡ ሲወድቅ ተቃጥለው እንደገና ያቆጠቆጡ ዛፎች አሉ። እሷና ጓደኞቿ የእነዚያን ዛፎች ዘር እያፈሉ፣ ጦርነት ባበላሸው አፈር ላይ የትኛው ቶሎ ሥር እንደሚሰድ ይፈትናሉ። ችግኙን ደግሞ ጦርነት ያለፈባቸው አገሮች ላሉ ትምህርት ቤቶች መላክ ይፈልጋሉ። «ለእናንተም አገር እንልካለን» አለችኝ በመጀመሪያው ምሽት፣ ልክ እንደ ቀላል ነገር። እኔ በሱዳን በኩል በእግሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ምን ልበላት? «እስቲ መጀመሪያ እራትሽን ብዪ» አልኳት።

ዘሩን የሚለቅሙላት ቅድመ አያቷ ነበሩ። ቦምቡ ሲወድቅ ሕፃን ነበሩ፤ እያንዳንዱን ዛፍ ያውቁታል። በምርኩዝ እየዞሩ ለቅመው፣ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧታል። ፎቷቸውን አሳየችኝ፤ ቆብ ያደረጉ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። የውድድሩን ውጤት ከሁሉ በፊት የምትነግረው ለእሳቸው እንደሆነ ስትነግረኝ ፊቷ ፈካ አለ።

ረቡዕ ሥራ ላይ እያለሁ ከእናቷ ቴክስት መጣልኝ። በስልክ የተተረጎመ እንግሊዝኛ ነው፤ «ቅድመ አያቷ ዛሬ ዐረፉ። እባክዎ ልጄን አደራ» ይላል። ክው አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን የተጻፈውን ብቻ ያነብባል። እኔ ግን ሐበሻ ነኝ፤ መልእክቱ ለእኔ ከመጣ ልጅቷ አታውቅም ማለት ነው፣ መርዶው በእኔ ላይ ተጥሏል ማለት ነው። «አያስቡ፣ ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን» ብዬ መለስኩላት። እውነትም የምናውቅ መስሎኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ይናገራል፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ቅርብ ይቆማል። ጎረቤታችን ያሉትን፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸውን ሴትዮ ጠራኋቸው። በዚህ ሰፈር ስንቱን ሰው መርዶ ነግረዋል። «ነገ አይደል ውድድሯ?» አሉ። «እሱን ትጨርስ። ዓርብ ማለዳ እንነግራታለን። እስከዚያ ፊትሽን ፍቺው፣ አንቺ ፊትሽ ምስጢር አይችልም።» እውነታቸውን ነው።

ባለቤቴ ደግሞ የባሰ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ስለሚሠራ ጠዋት ጠዋት ወደ ውድድሩ አዳራሽ በመኪናው ራይድ የሚሰጣት እሱ ነው፤ ከልቡ ወዷታል። «በስልኳ ብታየውስ?» ብሎ ዋይፋዩን ነቀለው። የአሜሪካ ሲም የላትም፤ እኛ ቤት ስልኳ የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ነው። «ተበላሽቷል፣ ሠራተኛ ጠርቻለሁ» አላት። ዋሽቶ አያውቅምና ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጠፋው። ልጅቷ ችግር የለም ብላ ጎንበስ አለች።

ሐሙስ ፕሮጀክታቸውን ሲያቀርቡ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ስለ ቅድመ አያቷ ስትናገር ድምፅዋ አንዴም አልተሰበረም። ምስኪን፣ አታውቅም እኮ ብዬ ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ። ሁለተኛ ወጡ። አመሻሽ ላይ ያለ የሌለውን አብስዬ አቀረብኩላት። ትንሽ ቀማምሳ፣ ዋይፋዩ ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቀች። ባለቤቴ ነገ አላት። አመስግና ክፍሏ ገባች።

ዓርብ ማለዳ እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሦስት ሴቶች አስከትለው መጡ። ልጅቷ ለባብሳ ወጣች፣ ሳሎኑን አየች፣ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች። እማማ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና እንድተረጉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«ቅድመ አያቴን ነው? አውቃለሁ» አለች። «እናቴ ረቡዕ ቴክስት አድርጋልኛለች።»

ለካ እናትየው ለእኔ የጻፈችልኝ ልጅቷ ስለሰማች ነው፤ አዝናለች፣ አይዞሽ በሉልኝ ማለቷ ነው። እኛ ከእሷ ስንሸሽግ፣ እሷም ከእኛ ስትሸሽግ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ ቁጣ ቁጣ እያለኝ።

«በጣም ደስ ብሏችሁ ነበር» አለች። «ብዙ ታበስሉልኝ ነበር።»

ከዚያ፣ የወቀሰችን እንዳይመስል ቃል እየመረጠች፣ የሽኝቱ ሥርዓት ትናንት ማታ እንደነበር ነገረችን። በጃፓን ዓርብ ጠዋት መሆኑ ነው። አስከሬኑ ከመቃጠሉ በፊት በቪዲዮ እንድትሰናበታቸው ቤተሰቦቿ ቀጠሮ ይዘውላት ነበር። የጎረቤት ዋይፋይ ቢያገኝልኝ ብላ ስልኳን ይዛ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ጠበቀች። «የተበላሸ ነገር ስለሆነ ላስቸግራችሁ አልፈለግኩም» አለች።

ባለቤቴ ተነስቶ የዋይፋዩን ገመድ ሊሰካ ሄደ፤ ቀዳዳውን ሳተው። ተወው፣ አሁን ምን ያደርጋል አልኩት። እማማ «ምን አለች? ምን አለች?» ይሉኛል። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ልጅቷ ሴቶቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። «ሁላቸውም የመጡት ለእኔ ነው?» አለች። አዎ፣ በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን የሚሰማ የለም አልኳት። አንገቷን አቀረቀረች። «እኔ አዳራሹ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነው ያነበብኩት» አለች። «ፊቴን ታጠብኩና ወደ ጓደኞቼ ተመለስኩ።»

ከዚያ ወደ እማማ ዞረች፤ «እባክዎ፣ ልክ እንደማላውቅ አድርገው ይንገሩኝ» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

ተረጎምኩላቸው። እማማ ሁለት እጆቿን ያዙ። «ልጄ» አሏት በአማርኛ፣ «አያትሽ ጥለውሽ ሄዱ።» ልተረጉም ስል እሷ አልጠበቀችኝም። ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ በራሷ ቋንቋ አያቷን መጣራት ጀመረች፤ ሴቶቹም በአማርኛ እያለቀሱ ተቀበሏት።