ሃርላን ያልሳቀበት እሁድ

በሸለቆው ጉባኤ ውስጥ ከኤልቪን ኖልት ሌላ አርባ ሰባት የተጠመቁ ወንዶች ነበሩ። ኤልቪን በየእሁዱ አርባ ስድስቱን ይስማል። መሳም ትእዛዝ ነው፤ ሐዋርያው በተቀደሰ አሳሳም ሰላምታ ተሰጣጡ ብሎ ጽፏል፣ የሸለቆው ሜኖናይት ክርስቲያኖች ደግሞ ሐዋርያው የጻፈውን ከነነጠብጣቡ የሚፈጽሙ ሰዎች ናቸው። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት፣ ከንፈር ለከንፈር፤ እንደ ፖስታ ቤት ማኅተም አጭርና ደረቅ።

ቀላል ሥራ አልነበረም። ጳጳስ ሊዮናርድ ስምንት መቶ አሳማ ስለሚያረቡ ሰላምታቸው ከእርሳቸው ሃምሳ ክንድ ቀድሞ ይደርሳል። ሽማግሌው ዊልመር የሳል ከረሜላቸውን ሳይውጡ ስለሚስሙ አንዳንዴ ከረሜላው ባለቤት ይቀይራል። ኤልቪን ሁሉንም ዓይኑን ጨፍኖ ይችለዋል። የማይስመው አርባ ሰባተኛውን፣ ሃርላን ዊቨርን ብቻ ነው። ሃርላን እኮ ከሁሉም ንጹሑ ነው፤ አገጩ ሙልጭ ያለ፣ ትንፋሹ ናና ናና የሚል። እሱን ግን ኤልቪን ሦስት ዓመት ሙሉ ስሞት አያውቅም። ቢያንስ ሰላምታ በሚሰጣጡበት በጸሎት ቤቱ በር ላይ።

ሃርላን በሰልፉ ውስጥ እየቀረበ ሲመጣ የኤልቪን የጫማ ክር ይፈታል። ክሩ ካልተፈታ ያስነጥሰዋል። አንድ ክረምት አሥራ አንድ እሁድ በተከታታይ ስላስነጠሰው፣ እህቶች ሳንባውን ነው ብለው ደረቱ ላይ የሚያስረው ጥብስ ሽንኩርት በገፍ ላኩለት። ቤቱ እስከ ፋሲካ እንደ ምግብ ቤት ሸተተ።

ኤልቪን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አላገባም። በሥራ ቀን የላም ማለቢያ ማሽን ይጠግናል፣ እሁድ መዝሙር ያስነሳል። በጸሎት ቤቱ ኦርጋን የለም፣ ጊታር የለም፤ ኤልቪን የድምፅ መቃኛ ሹካውን ጉልበቱ ላይ መታ አድርጎ ወደ ጆሮው ያስጠጋና “ምም” ይላል፣ ሁለት መቶ ሰው በአራት ድምፅ ይከተለዋል። ያኔ ጣሪያው ግማሽ ክንድ ከፍ ይላል ይባላል። የሚሉት ጣሪያውን የሠሩት አናጺዎች ስለሆኑ ሳያውቁ አይቀሩም።

አባቱ ሰባኪ ነበሩ። አዲስ መኪና ሲገዙ አንቴናውን ከሥሩ ቆርጠው፣ የሚያብረቀርቀውን መከላከያ ጥቁር ቀለም ይቀቡታል፤ ብረት ከሰው ቀድሞ እንዳይኮራ። ኤልቪን ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ከወተት ጫኙ መኪና ሬዲዮ የሰማትን ዜማ በፉጨት ሲደግም ተያዘ። አባቱ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በርጩማ ላይ አቁመው ዜማዋን እንዲረሳ አዘዙት። አልረሳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እግዚአብሔር ከማጅራቱ ኋላ ቆሞ የሚያዳምጠው ይመስለዋል። አባቱ ሲሞቱም አልሄደም።

ሃርላን ደግሞ አርባ ላሞችና አንድ ነውር አለው፤ ነውሩ መሳቁ ነው። ውስጥ እግሩ ሲነካ መቆጣጠር አይችልም። በዓመት ሁለቴ፣ ከጌታ እራት ጋር ወንድሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው እግር ለእግር ሲተጣጠቡ፣ የሃርላን ሳቅ የሴቶቹን ወገን አልፎ መንገድ ላይ ያሉ ፈረሶችን ያስደነብራል። ሁለት ጊዜ ተገስጿል። ምንም አልፈየደም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመጋቢት የሃርላን ማለቢያ ተበላሸ። ኤልቪን ሄዶ ጠገነው። በሳምንቱ ረቡዕ ደግሞ ተበላሸ። በዚያች ሸለቆ እንደዚያ ያለ ደካማ ማሽን ታይቶ አይታወቅም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በየረቡዑ ታመመ።

ይህን ሁሉ የሚመለከት አንድ ሰው ነበር። የዲያቆን ሜኖ ብሩባከር ሥራ የተጣላ ሰው ማነፍነፍ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች መኮራረፋቸውን ዲያቆኑ ከተሰጣው ልብስ ያውቃሉ፤ የአንዷ ካልሲ ፊቱን አዙሮ ከተሰቀለ ማታውኑ በር ያንኳኳሉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የኤልቪን ጋራዥ ገቡ። ባርኔጣቸውን አላወለቁም፤ ይህ መጥፎ ምልክት ነው።

“ወንድም ኤልቪን፣ ሃርላንን ለምን አትስመውም?”

የኤልቪን መፍቻ ወደቀች። “ምን አሉኝ?”

“ሦስት ዓመት ሳይህ ቆይቻለሁ። የማይፈታ የጫማ ክር ልገዛልህ ነበር። እግር አጠባ ላይ ከሱ ለመሸሽ የዊልመርን እግር ሁለት ጊዜ አጥበሃል።”

“ቆሽሾ ነበር።”

“ኤልቪን!”

“እሺ።”

“በየረቡዑ ጋጣው ውስጥ ነህ፣ ማሽኑ ግን አይድንም። ያ ማሽን ፈርዖን ላይ ተልኮ ቢሆን አሥራ አንደኛው መቅሠፍት እሱ ነበር። ሃርላን ቂም ቢይዝብህ አልፈርድበትም። ተጣልታችኋል። በል ካድ!”

ኤልቪን ፊታቸውን ከግንባር እስከ አገጭ መረመረው። ወጥመድ ነው? ወይስ ሰውዬው የምራቸውን ነው? የምራቸውን ይመስላል፤ ግን የምር የሚመስል ወጥመድም አለ።

“ነገሩ…ከባድ ነው” አለ በመጨረሻ። ውሸት አልነበረም።

እስከ ሐሙስ ሸለቆው ሁሉ የጠቡን ምክንያት አገኘለት። ግማሹ ማሽኑ ነው አለ። ግማሹ የለም፣ ሁለቱም ሚሪያምን ወድደው ነው አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አግብታ ስድስት የወለደችው ሚሪያም ይህን ስትሰማ አረማመዷን ለወጠች።

እሁድ ጳጳስ ሊዮናርድ ቆመው፣ ሁለት ወንድሞች ሳይታረቁ በዚህ ቤት ኅብስት አይቆረስም አሉ። ስም አልጠሩም። አራት መቶ ዓይን ግን ስሙን ራሱ አገኘው። ከሴቶቹ ወገን እማማ ፊያና ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

“እኔ ዘጠና አንድ ዓመቴ ነው! ሳልቆርብ ልሙት እንዴ? ቶሎ ተዋደዱልኝ!”

ረቡዕ ሃርላን ከላም ሥር እንደተቀመጠ “ሳመኝና ይገላገሉ” አለ።

“ፊቴ ምስጢሩን ያወጣዋል። ፊቴን አታውቀውም?”

“አውቀዋለሁ እንጂ። ሲዋሽ ቲማቲም ነው።”

“አሹፍ አንተ! ካወቁ እኮ አለቀልን። ተወግዞ ከጉባኤ የተለየ ሰው ከእናቱ ጋር እንኳ በአንድ ማዕድ አይቀርብም። እማ ጥግ ላይ ለብቻዬ ጠረጴዛ ትዘረጋልኛለች። እያለቀሰች ነው የምትዘረጋው፣ ግን ትዘረጋለች።”

“ላሞቹን ሸጬ እንሂድ ካልኩህ ሁለት ዓመቴ።”

“ሄጄስ? አራት ድምፅ ከየት ላገኝ ነው?”

“እኔ ባስ ነኝ፣ አንተ ቴነር። ግማሹ አለ።”

ኤልቪን አልሳቀም። “እግዚአብሔርስ?”

“እሱን አንተ ጠይቀው” አለ ሃርላን ባልዲውን እየሳበ። “ከኋላህ ነው የቆመው ትል የለ?”

በእርቁ እሁድ ጳጳሱ ሥርዓቱን ገልብጠው እግር አጠባውን ከኅብስቱ አስቀደሙት። መሃል ላይ አንድ ወንበር፣ አንድ የቆርቆሮ ሳፋ፣ አንድ ፎጣ። ሁለት መቶ ሰው ወደ ፊት ሲያዘነብል ሕንጻው ራሱ ያዘነበለ መሰለ።

ሃርላን ተቀምጦ ካልሲውን አወለቀ። ኤልቪን ተንበረከከ። እያንዳንዷ ሳል ያወቀችበት መሰለው። ሕፃን አለቀሰ፤ ሕፃኑም ያወቀበት መሰለው። ፊትህን ጠብቅ፣ አለ በሆዱ። ቅንድብህን አታንቀሳቅስ። ከንፈርህን እንደ ማኅተም ያዝ። ፊቱን ሲጠብቅ እጆቹን ረሳ።

እጆቹ ማንንም ሳይጠይቁ ተረከዙን ከሥር ያዙት፤ አውራ ጣቱ ውስጥ እግሩ ላይ ጠበቅ ብሎ ተቀመጠ። ውሃ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ሳቁን ጠበቀ።

ሃርላን አልሳቀም። ትንፋሹን በቀስታ ለቀቀ፣ እንደ ደከመ ሰው።

“አልሳቀም!” አሉ እማማ ፊያና። “ጌታ ልቡን ነካው!”

ያኔ ቤቱ በእንባ ተጥለቀለቀ። ሃርላንም በተራው የኤልቪንን እግር አጠበ። ተነሥተው ተሳሳሙ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ያለ እንከን። የኤልቪን ፊት እንደ ድንጋይ ቆመ። ጳጳሱ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ከሚያዩት ወንዶች ያላለቀሰ አንድ ሰው ነበር። ዲያቆን ሜኖ አምና የሃርላንን እግር ያጠቡ ጊዜ ተረግጠው አንድ ጥርሳቸው ሳፋው ውስጥ ወድቃ ነበር። አሁን የኤልቪንን አውራ ጣት እያዩ ነው።

ኅብስቱ ዞረ። እማማ ፊያና ደርሷቸው አለቀሱ። ጳጳሱ ጽዋውን ሲሰጡ ዲያቆኑ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ፤ ኤልቪን ፊት ሲደርሱ ከሌላው ሰው ፊት ይልቅ ትንሽ ዘገዩ። ኤልቪን መዝሙሩን ሲያስነሳ ሹካውን መምታት ረስቶ ድምፁን በጣም ከፍ አድርጎ ሰጠ። ሁለት መቶ ሰው ታምኖ ተከተለው፣ ሶፕራኖዎቹ ሊሞቱ ደረሱ።

ከሥርዓቱ በኋላ ኤልቪን ምድር ቤት የሳፋውን ውሃ ሲደፋ ዲያቆኑ ወረዱ። በሩን ዘጉ።

“ሃርላን አልሳቀም” አሉ።

“ውሃው ሞቅ ያለ ስለነበር ይሆናል።”

“እኔም አሙቄ ነበር። ጥርሴን ነው ያወለቀው።” ወደ ኤልቪን እጆች አዩ። “እንዴት ነው የሚያዘው?”

አላውቅም ቢል ያበቃ ነበር። ዲያቆኑ ሲጠይቁ መውጫ በርም የተዉለት ይመስላል። ኤልቪን ከማጅራቱ ኋላ ያ የድሮው አድማጭ እንደቆመ ተሰማው። ያድምጥ፣ አለ በሆዱ።

“ከተረከዙ ነው የሚያዘው። አውራ ጣትን ጠበቅ ማድረግ ነው። ለቀቅ ካደረጉት ይስቃል።”

“ረቡዕ ረቡዕ” አሉ ዲያቆኑ። ጥያቄ አልነበረም።

“ረቡዕ ረቡዕ።”

“ማሽኑስ?”

“ማሽኑ ደህና ነው። ሦስት ዓመት ደህና ነው።”

ዲያቆኑ እርጥቡን ፎጣ አንስተው ለአራት አጠፉት፣ ለስምንት አጠፉት፣ ከዚያ በላይ እምቢ አላቸው።

“ለጳጳሱ መንገር አለብኝ። ሥራዬ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ጳጳሱ ግን እስከ ቅዳሜ አሳማ ይጭናሉ። አሳማ የሚጭን ሰው ወሬ አይነገረውም።”

ኤልቪን ከኪሱ የድምፅ ሹካውን አውጥቶ ፎጣው ላይ አስቀመጠላቸው።

“ማን ይመታዋል?” አሉ ዲያቆኑ።

“ዊልመር ጥሩ ጆሮ አላቸው። ከረሜላውን ያስተፏቸው።”

ውጭ እናቱ ኤድና ከሴቶቹ መሃል ሆነው እጃቸውን አውለበለቡ። “ኤልቪን! ዶሮው ምድጃ ውስጥ ነው፣ ሃርላንንም ይዘኸው ና! ከታረቃችሁ ምን ቀረ?”

ኤልቪን የራሱን መኪና ትቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሃርላን አጠገብ ገባ። እማማ ፊያና በከዘራቸው ጠቆሙ። “እዩልኝ፣ በአንድ መኪና!” እህቶች አጨበጨቡ። ዲያቆን ሜኖ ደጃፉ ላይ ፎጣቸውን እንደታቀፉ ቆመዋል። አላጨበጨቡም፣ ዓይናቸውንም አላነሡም።

“ምን አሉህ?” አለ ሃርላን ሞተሩን እያስነሳ።

“እስከ ቅዳሜ።”

ሃርላን ማርሽ አስገባ። “አርባ ላም በስድስት ቀን ማን ይገዛኛል?”

“መጀመሪያ ምሳ” አለ ኤልቪን። “ዛሬ እማ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው የምትዘረጋው።”