ቃሬዛ የሚያልፍበት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያደግሁበት ግቢ የፊት በር ነበረው፤ በእሱ የሚገባው ግን እንግዳ ብቻ ነበር። እኛና ጎረቤቶቻችን የምንተላለፈው በቅንጭብ አጥሩ መሹለኪያ ነው። የጓሮው መሹለኪያ ከቡሬ ማዶ ወደመጡት ጎረቤታችን ግቢ ያወጣል። ሰውየው ከባለቤታቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ነበር የሚነጋገሩት። እናቴ “አያ” ትላቸው ስለነበር እኛም ከእሷ ሰምተን “አያ” እንላቸዋለን። ጨው ያለቀበት፣ ወንፊት የቸገረው፣ ዶሮ የጠፋበት ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። የቅንጭቡ ወተት ልብስ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር እናቴ አጥሩን ትረግማለች። ረግማው ስታበቃ ግን መሹለኪያዋን የሚደፍን ቅርንጫፍ ካየች ራሷ ትቆርጠዋለች።

ዛሬ ያ ግቢ ሲናፍቀኝ ትዝ የሚለኝ ቤቱ አይደለም፣ ያቺ ቀዳዳ ናት። ጎንበስ ሳልል የማልገባበት፣ ግን ማንም “ማነው?” ብሎ የማይጠይቀኝ በር ሌላ የትም አላገኘሁም።

አባቴ ያረፈ ዕለት የተማሪ ቤት ልጅ ነበርኩ። የፊቱን ደጅ የለቀስተኛ ድንኳን ይዞት ስለነበር አስከሬኑ በዚያ ሊወጣ አልቻለም። ሽማግሌዎቹ ድንኳኑን እናንሳ አናንሳ እያሉ ሲመካከሩ አያ ማንንም ሳያማክሩ መጥረቢያቸውን ይዘው መጡና የገዛ አጥራቸውን ይቆርጡ ጀመር። አንዱ ከሽማግሌዎቹ፣ ይህን ያህል ማፍረስ ለምን ያስፈልጋል፣ ዘንበል አድርገን እናሳልፈዋለን አላቸው። አያ ቀና እንኳ አላሉም።

“ሰው በጎኑ አይወጣም” አሉ።

አባቴ በአያ ግቢ መሐል፣ በአራት ሰው ትከሻ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ እንደሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አርባው ሲወጣ አያ አዲስ ቅንጭብ ተከሉ። መሹለኪያዋን ግን በቦታዋ ተዉልን።

ዓመታት አለፉና እኔ የማዘጋጃ ቤቱ የመሬት ክፍል ባለሙያ ሆንኩ። ሥራዬ ይዞታ መለካት፣ ፕላን መሥራት፣ አንዱን ግቢ ለሁለትና ለሦስት የሚከፍሉ ሰዎችን ጉዳይ ማየት ነው። ሥራዬን እወደው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እመካበትም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከአስፋልቱ ፊት ለፊት ሱቅ መክፈት በፈለገ ጊዜ እናቴ ግቢው ይከፈል አለች። የፊቱ ለእሱ፣ የጓሮው ለእሷ ሆነ። ፕላኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።

የዚያን ጊዜው ደንብ የጓሮ ይዞታ መተላለፊያ ይኑረው ከማለት በቀር ስፋቱን አይናገርም ነበር። እኔም ለመተላለፊያው አንድ ሜትር ከሃያ ሰጠሁ። መንገዱ በወንድሜ መጋዘንና በአያ አጥር መካከል ይሄድና በመጋዘኑ ማዕዘን ላይ ይታጠፋል። አንድ ክንድ መሬት አላባከንኩም። ኃላፊዬ ፕላኑን አይቶ አመሰገነኝ፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ በራሴ ተደስቼ ሰነበትኩ። እናቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ ጌሾዬ የት ገባ አለች። ጌሾው የነበረበት ቦታ መጋዘን ሆኗል አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

በዚያው ሰሞን የአያ ልጆችም አደጉና ቅንጭቡን ነቅለው ብሎኬት ደረደሩ። እነሱም የፊቱን ይዘው ሽማግሌውን ወደ ጓሮ ቤት አዛወሯቸው። መሹለኪያዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ግድግዳ ቆመ። እናቴና አያ ሰላም የሚባባሉት በግንቡ ላይ በድምፅ ብቻ ሆነ። ማንም ማንንም አልበደለም። ከተማው እያደገ ነው ይባላል፤ እኔም ከሚሉት አንዷ ነበርኩ።

ከዚያ የከተማው የይዞታ መክፈያ ደንብ ይሻሻል ተባለ። ሰዉ ርስቱን ለልጆቹ እያካፈለ ግቢው ሁሉ ስለጠበበ አሮጌው ደንብ አልበቃ ብሎ ነበር። ረቂቁን ካዘጋጀነው መካከል አንዷ እኔ ነኝ፤ የመተላለፊያውን አንቀጽ ደግሞ ብቻዬን ጻፍኩት። ለጓሮ ይዞታ ዝቅተኛው የመንገድ ስፋት አንድ ሜትር ከሃያ ይሁን አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ማንም አልጠየቀኝም። የእናቴ ደጅ ለከተማው ሁሉ ልክ ሆነ ማለት ነው። ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት ተብሎ በየቀበሌው ጥሪ ተላለፈ፤ ለእናቴም ደረሳት።

ከስብሰባው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ለምሳ ወደ ቤት ሄድኩ። ባጃጁ የወንድሜ ሱቅ ደጃፍ ላይ አወረደኝ። ወደ መተላለፊያው ስዞር የእድሩን ቃሬዛ አየሁ። አራት የእድሩ ሰዎች ይዘውት ቆመዋል። ግድግዳውን ተደግፌ ማነው ብዬ ልጠይቅ ስል የእናቴን ድምፅ ከወዲያ ሰማሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እየመራቻቸው ነው፦ ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እስቲ ከዚህ አዙሩት።

ቃሬዛው ባዶ ነበር። እናቴ መውጫዋን እያስለካች ነበር።

ሰዎቹ ጎን ለጎን ሆነው መግባት አልቻሉም። ሁለቱ ለቀቁና አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ሞከሩት። እስከ መጋዘኑ ማዕዘን ደረሱ፣ እዚያ ላይ ቃሬዛው ተቀረቀረ። ሊያዞሩት የቻሉት በጎኑ አቁመው ነው። አንደኛው ሰውዬ እኔን ሲያይ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ጠላ ቀድታላቸው ሸኘቻቸው።

ተናደድኩ። ጎረቤት ምን ይላል፣ ለቁም ሰው ቃሬዛ ማስመጣት ሟርት ነው፣ እኔን ማዋረድ ከፈለግሽ ሌላ መንገድ አጣሽ ወይ አልኳት። ብዙ ተናገርኩ። እሷ የጠላውን ጣሳ እያጠበች ነበር።

“ለሰርግ ዳስ ሲለካ ሟርት አይዶለም፤ ይሄም ልኬት ነው” አለች። “አንቺስ የምትለኪው ምኑን ኑሯል?”

ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ። እስከ ስብሰባው ቀን ድረስም አላነጋገርኳትም። ዛሬ ያን የመሰለ አራት ቀን ቢሰጠኝ ምን አደርገው እንደነበር አውቃለሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አነበብኩ። ሰዉ ስለ ውኃ መውረጃ፣ ስለ ሽንት ቤት ርቀት፣ ስለ ዛፍ ጥላ ጠየቀ፤ መለስኩ። መተላለፊያው ላይ ስደርስ ከመካከል አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። እናቴ ናት። የቤት ነገር ታነሣለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ልጇን እንደማታውቅ ሆና በአክብሮት ነው የጠየቀችኝ።

“እመቤቴ፣ ባነበቡልን መንገድ አራት ሰው ቃሬዛ ይዞ ያልፋል?”

እናቴ እኔን እንደ ባዳ ስታናግረኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ሆኖ ሊይዝ ይችላል ብዬ መለስኩ። ከኋላ ወንበር የአያ ድምፅ መጣ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ወደ መድረኩ ሳይሆን ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር የተናገሩት።

“ሰው በጎኑ አይወጣም፣ ልጄ።”

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነበር፤ ብዙ ሰው አላወቀም እንጂ። ከዚያ ግን አንድ ጎልማሳ ተነሣና እጁን እያወራጨ ተቃወመ። እነሱ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ ከአባታቸው የወረሱት ጠባብ ግቢ ነው። መንገዱ ከሰፋ ለሦስት መከፈል አይችልም፣ አንዳቸው ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው። ለሙት መንገድ ስትሰጡ ከቋሚ ቤት ላይ ነው የምትቆርሱት አለ። ሰውየውም ልክ ነው። ክርክሩ እስከ እኩለ ቀን ዘለቀ፤ ሰዉ ወዲያና ወዲህ ተከፈለ። እኔ ቃለ ጉባኤውን እየጻፍኩ እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ነገሩን ያበረዱት አያ ናቸው። ድሮ በሁለት ግቢ መካከል አንድ መሹለኪያ ለሁለቱም ይበቃ ነበር፤ አሁንም ጎረቤታሞች ከየወሰናቸው ግማሽ ግማሽ አዋጥተው አንድ መንገድ ቢከፍቱ ማን ይጎዳል አሉ። ጎልማሳው አሰበበትና ተቀመጠ። ደንቡ በዚያው መንፈስ ተስተካከለ። መተላለፊያው ሁለት ሜትር ተኩል ይሁን፣ ቦታ ያጠራቸው አጎራባቾች በጋራ ይክፈቱት ተባለ። በረቂቁም በቃለ ጉባኤውም ላይ እንደተነገረው አድርጌ ጻፍኩ፣ አራት ሰው ቃሬዛ ይዞ የሚያልፍበት መንገድ ብዬ። ኃላፊዬ ቃሬዛ የደንብ ቃል አይደለም ሰርዢው አለኝ። ከደንቡ ሰረዝኩት። ከቃለ ጉባኤው ላይ ግን አልሰረዝኩም።

አዲሱ ደንብ የሚሠራው ለወደፊት ክፍፍል ብቻ ነው። የእናቴ ደጅ ከነጠባብነቱ ቀረ። በዚያው ቀን ወደ ወንድሜ ሱቅ ሄድኩና የመጋዘኑን ማዕዘን እንዲያፈርስ ለመንኩት። ፕላኑን ማን ሠራው አለኝ። ጥዬው ወጣሁ። ለካ አያ ከስብሰባው እንደተመለሱ ልጆቻቸውን ሰብስበው በእኛ መተላለፊያ በኩል ያለው ግንብ ወደ ውስጥ ይግባ ብለዋቸው ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ብሎኬቱ መፍረስ ሲጀምር ወንድሜ ከሱቁ ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አየ። ከጎረቤት አንሶ መታየት አልቻለም። መዶሻውን አመጣ።

የተከፈተው መንገድ የእኛም የአያም የጓሮ ቤት መውጫ ሆነ። እናቴ በመጀመሪያው ቀን እጆቿን ዘርግታ በመሐሉ ስትሄድ ግራና ቀኙን አልነካችም። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ በዚያው ታረቅን።

በሳምንቱ ብመጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ስድስት የጌሾ ችግኝ ተክላለች። መተላለፊያ ላይ ተክል አይተከልም አልኳት፣ አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት።

“እኔ ስሄድ ትነቅይዋለሽ” አለች። “እስከዚያ ሸጋ ነው።”

ተውኳት። ጌሾው አደገና መንገዱን መልሶ አጠበበው። ወደ እሷ ስሄድ ቅርንጫፉን በክንዴ እየገፋሁ፣ አንዳንዴም ጎንበስ እያልኩ ነበር የማልፈው። የልጅነቴን መሹለኪያ መልሳ የሠራችልኝ ይመስለኝ ነበር። አያም ከወዲያ በምርኩዝ እየዳበሱ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ከጌሾው ሥር ተቀምጠው ሲያወጉ ይውላሉ። እነዚያ ጥቂት ዓመታት ከልጅነቴ ቀጥሎ የምናፍቃቸው ናቸው።

እናቴ ክረምቱ ሲወጣ አረፈች። በማግሥቱ ጠዋት፣ ቀሳውስቱ ሳይመጡ፣ ዶማ ይዤ ወደ መንገዱ ሄድኩ። ሥሩ እንዲህ የጠለቀ አልመሰለኝም ነበር። እያለቀስኩ ቆፈርኩ። ወንድሜ ዶማውን ይዞ መጣና ከወዲያኛው በኩል ጀመረ። አያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በእያንዳንዱ ግንድ “ወጣ?” ይሉናል፤ “ወጣ” እንላቸዋለን። ስድስተኛው ሲወጣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

እናቴ በአራት ሰው ትከሻ ወጣች። የመጋዘኑ ማዕዘን የነበረበት መታጠፊያ ላይ ደረሱ። ሰዎቹ ጎን ለጎን እንደሆኑ ዞሩ፤ ቃሬዛው ዘንበል አላለም።

አርባዋ ሲወጣ ከገበያ የጌሾ ችግኝ ገዝቼ መጣሁ። በእናቴ ቤት የሚኖር የለም፣ በመንገዱ የሚወጡት አያ ብቻ ቀርተዋል፤ ራቁቱን ሆኖ ግን ማየት አልቻልኩም። ዶማዬን አንሥቼ ስቆፍር አያ ድምፁን ሰምተው በምርኩዛቸው መጡ። ምን እንደምተክል ነገርኳቸው። ሁሉንም እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ። ከዚያ በእግራቸው አፈሩን ዳበሱና፦

“በጣም አታጥልቂው፣ ልጄ” አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከዚያ ያጠለቅኋቸውን ሁለቱን አውጥቼ እንደገና ከላይ ከላይ ተከልኳቸው።