ሁለት ድምፅ በአንድ ላፕቶፕ

እኔና ጓደኛዬ በፕሮግራም ጉዳይ ያልተጨቃጨቅንበት ሳምንት የለም። እኔ ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተር የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ እሱ የአይሲቲ መምህር ነው። ውስጡ ተከፍቶ የማይታይ፣ ተጠቃሚው እንደሚፈልገው የማያስተካክለው ፕሮግራም ለእሱ ሐራም ነው ማለት ይቻላል። የሰው ነጻነት ነው የተያዘው ይላል። እኔ ነገር ማካበድ አልወድም፤ ከሠራ ሠራ ነው። ደግነቱ እዚህ አገር ተኳርፎ መለያየት ነውር ስለሆነ፣ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተከራክረን ዱአ አድርገን እንለያያለን።

አንድ ቀን አንዲት ዓይነ ስውር መምህርት ላፕቶፕ ይዘው ሱቄ መጡ። የትምህርት ማስታወሻቸውን ታነብላቸው የነበረችው እህታቸው ባቲ ተድራ ሄዳለች። ማስታወሻውን ሳይሰሙ ክፍል መግባት አይሆንላቸውም፤ አለቃቸውም ወደ ቢሮ ሥራ ላዛውርዎት ማለት ጀምሯል። እሳቸው ደግሞ ከተማሪዎቻቸው ከተለዩ አለቀላቸው።

ከአንድ ኩባንያ የወጣ፣ ውስጡ የተቆለፈ አንባቢ ፕሮግራም ጫንኩላቸው። ወላሂ፣ ድምፁ ሲያምር! ፊታቸው በራ። ትንሽ እንዳነበበ ግን አንድ መስመር ዘሎ አለፈ። የኛ ሰው በአማርኛ የጀመረውን በኦሮምኛ ነው የሚጨርሰው፤ የእሳቸውም ማስታወሻ እንደ አፋቸው ነው። ድምፁ ኦሮምኛው ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ለኩባንያው ጻፍኩ፤ መልስ የለም። በገንኩ።

ጓደኛዬ አንድ ቃል ሳይወረውርብኝ ውስጡ ክፍት የሆነ ነጻ አንባቢ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ግን ከመምህሯ ጎን ተቀምጦ፣ እሳቸው እንዲህ አይባልም እያሉ፣ እሱ ውስጡን እየነካካ ሲያስተካክል ሰነበተና ኦሮምኛውን አስነበበው። መምህሯ አልሐምዱሊላህ ብለው ክፍላቸው ተመለሱ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። መምህሯ ያ የመጀመሪያውም ድምፅ አብሮ ይጫንልኝ አሉ። ረጅም የአማርኛ መጽሐፍ በጉንፋናሙ ሲሰሙ ራሳቸውን ያማቸዋል። ጓደኛዬ፣ "እኔ የደከምኩበት ላፕቶፕ ላይ የተቆለፈ ነገር አይገባም" አለ። ዛሬ እሺ ካልን ነገ ነጻውን ለማሻሻል የሚለፋ ሰው አይገኝም ብሎ ድርቅ አለ። አንተ ግትር፣ ሴትየዋን ልትገድላቸው ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። እሱ ያለው ነገር ውሸት እንዳልሆነ ግን ይገባኝ ነበር።

መምህሯ መዳፋቸውን ላፕቶፑ ላይ አሳረፉ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ለሰው ነጻነት ነው የምትሟገተው አይደል? እኔስ ሰው አይደለሁም?"

ጓደኛዬ ከመቀመጫው ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"አንተ ጫንላቸው፤ እኔ እጄን አላስገባም" አለኝና ደጅ ወጥቶ ቆመ።

ጭኜ ስጨርስ ተመልሶ ገባ። ላፕቶፑን ከጠረጴዛው አንስቶ ብብቱ ስር አደረገና፣ በሌላ እጁ መምህሯን ይዞ ቤታቸው ድረስ አደረሳቸው።