ፍሬን የሌላት አውሮፕላን

ጋሽ ጥሩምባን በዚህ ስም የጠሯቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ እግረኛም ሆነ ድመት ፊታቸው ከታየ ጥሩምባ ሳይነፉ አያልፉም ነበር። ጡረታ ከወጡ፣ ሚስታቸውም ካረፉ ወዲህ ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ባለ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው አምና ነው። ሐኪሙ "ይጠንቀቁ እንጂ አይገድልዎትም" ብሎ ሸኛቸው። ልጃቸው ግን የሐኪሙን ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ የምድጃውን ማብሪያዎች ነቃቅላ በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ከዚያም ደወለች።

"አባዬ፣ እሑድ መጥቼ እወስድሃለሁ። እኔ ጋ ትኖራለህ።"

"ዕቃ ነኝ እንዴ የምወሰደው?"

"ሻይ መቅዳት እንኳ አቅቶህ የለም እንዴ! እጅህ እኮ..."

"እሑድ ነይ። እጄን ያኔ ታዪዋለሽ።"

በማግስቱ አሻንጉሊት መሸጫ ገብተው በሪሞት የምትበር፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ አውሮፕላን ገዙ። ሻጯ ካርቶኑን እያገላበጠች "ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው የሚለው" አለቻቸው።

"አልፌዋለሁ" አሉ።

እሑድ ጠዋት የማደሪያው ጥበቃ በድሮ ባልደረባነታቸው በሩን ከፈተላቸው። ወሬ የማያመልጠው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ ደረሰ። ልጃቸው እጇን አጣምራ ቆመች።

"ባትሪዋ ሳያልቅ ግቢውን አንዴ ዞራ እዚህ ካረፈች ከቤቴ አልነቃነቅም" አሏት። "ካቃተኝ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ እከተልሻለሁ።"

"ቃልህ ነው?"

"መቼ አጥፌ አውቃለሁ?"

አውሮፕላኗን ወረወሯት። ሽቅብ ወጣች፤ ወዲያው ግን ወደ ግራ አዘነበለች። ጋሽ ጥሩምባ ደነገጡና ኃይሏን ቀነሱ፤ ቀኝ እግራቸውም መሬቱን ድም አድርጎ ረገጠ። አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተተከለች።

"ፍሬን መያዝህ ነው?" ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ ፈረሰ። "አንድ ሐሙስ ቀርቶህ አውሮፕላን! አንት ሰው፣ አርፈህ ብትቀመጥ ምን አለበት?"

"አንተ የምትላጨው አጥተህ ነው እዚህ የቆምከው፤ ዝም በል።"

ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ስታዘነብል ኃይሏን ቀነሱ፣ እግራቸው ረገጠ፣ ወደቀች።

"ይብቃህ አባዬ" አለች ልጃቸው። "ቀስ በል ሲሉህ አትሰማም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይኸው ነው።"

ሰውየው አውሮፕላኗን ከሲሚንቶው ላይ አንስተው አፈሯን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሞት ያተረፋቸው ፍሬን ነው። መንገዱ ሲጨንቅ ቀስ ማለት፣ ሲብስ መቆም፤ ሌላ አያውቁም። ይቺ ግን ቀስ ባለች ቁጥር ነው የምትወድቀው። ወደ ልጃቸው ቀና ብለው አዩ። ጎንበስ ብለው የቀኝ እግራቸውን ጫማና ካልሲ አወለቁ፤ ባዶ እግራቸውንም ከሲሚንቶው ዳር ባለው ሹል ጠጠር ላይ አሳረፉ።

"እስቲ አሁን ፍሬን ይርገጥ ይህ እግር!" አሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ ወረወሯት። ከአውቶቡሶቹ በላይ ወጣች፤ በአጥሩ ጥግም ዞረች። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ክንፏም አብሮ ይንቀጠቀጣል። መመለሻው ላይ ነፋስ መታትና ወደ አንዱ አውቶቡስ መስታወት ቁልቁል ወረደች።

"አባዬ ቀንሰው!" ጮኸች ልጃቸው።

እግራቸው ሊረግጥ ሲል ጠጠሩ ወጋውና ባለበት ቀረ። አውራ ጣታቸው ኃይሉን እስከ ጫፍ ገፋው። አውሮፕላኗ በጣሪያው ላይ ለጥቂት አለፈች፤ ሽቅብ ተምዘገዘገች፤ ዞራ መጥታ ሲሚንቶው ላይ በሆዷ እየተንሸራተተች ከፊታቸው ቆመች።

ፀጉር አስተካካዩ አጨበጨበ። ልጃቸው ግን ፊቷ አልተፈታም።

"እጅህ እኮ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"ይንቀጥቀጣ! እየተንቀጠቀጠ አይደል ያበረራት?"

ያጣመረችውን እጇን ፈታች። "እሺ። ግን ማታ ማታ ደውልልኝ" አለች።

"ሲመቸኝ።"

ከቤታቸው ደረጃ ሥር ሲደርሱ ልትደግፋቸው ክንዷን ዘረጋች። ጋሽ ጥሩምባ አውሮፕላኗን አስያዟትና መደገፊያውን ጨብጠው ቀድመዋት ወጡ።