ካሜራ ያልበራባቸው ማክሰኞዎች

ስብሰባ በስልክ ይሻላል ወይስ በቪዲዮ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ አንድ ገጽ ተኩል ጽፌበታለሁ። ወረቀቱ ዛሬም አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ይኖራል። የስልክን ጥቅም በሰባት ነጥብ ዘርዝሬ፣ ፈርሜ የላክሁት እኔ ነኝ። ከሰባቱ ነጥቦች ግን አንዱም እውነተኛው ምክንያት አልነበረም።

የምሠራው አምቦ ነው፤ ለገበሬ ምርጥ ዘር በሚያዳርስ ፕሮጀክት ውስጥ አስተባባሪ ነኝ። ከኮሮና ወዲህ ዘወትር ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንሰበሰባለን። አዲስ ዓለም ከተማ አንድ፣ እንጭኒ አንዲት፣ ካቺሲ አንዲት ባለሙያ አሉን፤ አለቃችን ደግሞ ከአዲስ አበባ ይገባል። ቪዲዮውን ያመጣው እሱ ነው። "ፊቱ የማይታይ ሰው ይተኛል" ይላል። እኔ ቪዲዮ ወድጄ አላውቅም። የእንጭኒዋ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ኮርኒስ ታሳየናለች፤ የአዲስ ዓለሙ ግንባሩን ብቻ። የካቺሲዋን ኔትወርክ ሲይዛት አፏ እንደተከፈተ ደርቃ ትቀራለች፤ ስትመለስ ግን እየሳቀች ነው። ሳቂታ ናት። ስብሰባው እሷ ካልገባች አይሟሟቅም ነበር።

ያን ክረምት የካቺሲዋ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የወሊድ ፈቃዴን ከልጄ ጋር ነው የምጨርሰው ብላ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ልትሠራ ወስናለች። አዲስ ዓለም አስተማሪ የሆነ ታላቅ ወንድም አላት። እናት አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። ይህ ሰው አንድ ዓርብ አመመኝ ብሎ ተኛ፣ ቅዳሜ ሞተ፣ እሁድ ተቀበረ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ባሏ ከካቺሲ ደወለልኝ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦሌሳ" አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ድምፁ ተሰበረ። "ሽማግሌዎቹ መክረዋል። እስክትገላገል አይነገራትም። ድንጋጤው ለእሷም ለልጁም ጥሩ አይደለም ብለዋል። ማክሰኞ ስብሰባ አላችሁ አይደል? በማርያም፣ በቪዲዮ አታድርጉት።"

ምክንያቱን ማስረዳት አላስፈለገውም። የአዲስ ዓለሙ ባልደረባችን የአክስቷ ልጅ ነው፤ ፀጉሩን ተላጭቶ ጥቁር ለብሷል። የእንጭኒዋ ደግሞ እንኳን ሰው ሞቶ የሰው ሠርግ ላይም ዓይኗ እንባ ያቀርራል። አንድ ጊዜ ካሜራ ከበራ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ስብሰባውን እንሰርዝ ብንል ደግሞ ለምን ብላ እየደወለች ሁሉንም ታስጨንቃለች። ድምፅ ግን ይቻላል። ድምፅን ሰው እንደ ምንም ይይዘዋል።

በእኛ አገር ይህን ውሸት ብሎ የሚጠራው የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ለነፍሰ ጡርማ ጭራሽ አይነገርም። እሷም በእኔ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብዬ ያን ወረቀት ጻፍኩ። የክረምት መብራት፣ የካቺሲ ኔትወርክ፣ በስልክ ሲሆን ሰው እንደሚደማመጥ፣ ስብሰባውም ቶሎ እንደሚያልቅ። እዚህ አካባቢ ኔትወርክ የለም ያለን ሰው ማንም አይጠረጥርም። ለአለቃችን እውነቱን አልነገርኩትም፤ ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም፤ ካወቀ መሀል ላይ "አይዞሽ" ማለቱ አይቀርም። ከሰዓት መልሱ መጣ። ትንታኔው ግሩም ነው፣ ለሌሎች ዞኖችም ይላካል ይላል።

ማክሰኞ አንድ በአንድ እየደወልኩ መስመሩን ማጣመር ጀመርኩ። መጀመሪያ የአዲስ ዓለሙን፣ ቀጥሎ የእንጭኒዋን አስገባሁ። ሁለቱ ስለ ቀብሩ ትንሽ አወሩ። የእንጭኒዋ አፍንጫዋን ተናፈጠች። "አሁን ላስገባት ነው" አልኩ። ሁለቱም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ እሷን አስገባሁ፤ መጨረሻ ላይ አለቃችንን።

"አካም ቡልተን!" ብላ ሰላም አለችን። "ምነው ወደ ድሮው ተመለሳችሁ? ሆዴን ላለማየት ነው?"

ሳቀች። እኛም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ የወትሮው ሳቄ ነበር፣ ምንም አልጎደለውም።

በሁለተኛው ማክሰኞ ለአክስቷ ልጅ "ወንድሜ ስልኩን ዘግቷል'ኮ፣ ምን ሆኖ ነው?" አለችው።

"ክረምት ኮርስ ሄዷል" አለ። "ስልኩን መኪና ላይ ሰረቁት።"

"ሳይነግረኝ?"

በቪዲዮ ቢሆን ሰው አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ወረቀት ያገላብጣል። በስልክ ግን ዝምታ ይሰማል። የአራት ሰው ትንፋሽ እሰማ ነበር፤ የማን የማን እንደሆነ እንኳን መለየት እችላለሁ። "ወደ ሁለተኛው አጀንዳ እንለፍ" አልኩ። ስለ ስንዴው ዘር አውርተን ጨረስን።

በሦስተኛው ማክሰኞ ድምጿ ደከም ብሏል፤ እግሬ አብጧል አለች። ስንለያይ "ቆይ፣ ቆይ" አለችና "ወንድሜ ከደወለላችሁ ንገሩልኝ። የልጄን ስም የሚያወጣው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ስም እያመጣልኝ እምቢ ብያለሁ" አለች።

የእንጭኒዋ መስመሯን ዘጋች፤ ኔትወርክ ቆረጠኝ ልትል ነው። ሰብሳቢው እኔ ነበርኩና "ይነገረዋል" አልኩ። ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ "ልዩ ልዩ ጉዳዮች" ከሚለው ሥር "የለም" ብዬ ሞላሁ።

ያን ጊዜ ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። አንድ ነገር ውስጤ ይላወሳል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልተላወሰም። ደንዝዤ ነበር። ሥራዬን እየሠራሁ ነው የመሰለኝ፤ ስብሰባ መምራት፣ ሰዓት መጠበቅ፣ አንዲትን ሴት በሰላም እስክትወልድ ማድረስ። ተነሥቼ ሄጄ ምሳዬን በላሁ፤ ጥሩ አድርጌ ነው የበላሁት። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ ምሳ ነው።

በአራተኛው ማክሰኞ ስልኳን ባሏ አነሣ። ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። እልል ማለት አማረን፤ ግን ማንም አላለም።

ከወለደች ከወር በኋላ ሽማግሌዎቹ ማልደው ገብተው ነገሯት። እኛም ሚኒባስ ተከራይተን፣ በጭቃው መንገድ ስንንሸራተት ውለን ካቺሲ ገባን። ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ በየተራ አቀፈችን፣ እኔንም አቀፈችኝ። ለቅሶ ቤት ነውና ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ነገሩ በዚሁ አለቀ ብዬ ተመለስኩ።

የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ፣ ሥራ በጀመረችበት ሳምንት፣ "የማክሰኞው ስብሰባ በቪዲዮ ይሁንልኝ" የሚል አጭር መልእክት ላከችልኝ። አለቃችን በወረቀቴ ምክንያት ስልክ ወዳድ ሆኗል፤ አጉረመረመ፣ ግን እሺ አለ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ካሜራዋ በራ። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯ አጥሮ ተቆርጧል። ሕፃኗ ጭኗ ላይ ተኝታለች። እንኳን ደህና መጣሽ አልናት፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። ከዚያ ስልኩን ጠጋ አድርጋ አንድ በአንድ አየችን።

"ከአጀንዳው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። "ያን ጊዜ በስልክ ስንሰበሰብ፣ ወንድሜ እንደሞተ ያወቀ እጁን ያውጣ።"

መጀመሪያ የአክስቷ ልጅ አወጣ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። የእንጭኒዋ ጋ የሚታየው ኮርኒስ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ እጇ ብቅ አለ። እኔም አወጣሁ።

"ምን ላይ ነው ድምፅ የምንሰጠው?" አለ አለቃችን።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረች ነው። "ሦስት" አለች።

ለአንቺም ለልጅሽም ብለን ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ።

"መደበቃችሁንስ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁ። ግን እኔ ስስቅ አብራችሁኝ ሳቃችሁ'ኮ።"

እጃችሁን አውርዱ አላለችንም፤ እኛም አላወረድንም። ልጅቷ ነቅታ አልቅሳ፣ እናቷ ጡት ልትሰጣት ካሜራውን እስክትዘጋ ድረስ እጄ እንደተሰቀለ ነበር።