በሰው የሚላክ እምቢታ

ወንድሜ ሲደውል ድንች እየላጥሁ ነበር።

«እታለም፣ ሐሙስ እማን ይዣት እመጣለሁ። ቢሮ ጉዳይ አለን» አለኝ።

ቢሮ ያለው የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስበት። ጉዳዩን ባውቀውም ጠየቅሁት።

«ስጦታውን ልናስመዘግብ ነዋ! እሺ ብላለች።»

ስልኩን ዘጋሁና ወደ ደጅ ወጣሁ። ተመልሼ ገባሁ። ቢላዋውን የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋኝ። የቀትሩን ዙሁር ሰላት ስሰግድም ስንት ረከዓ እንደሰገድሁ ጠፋኝና እንደገና ሰገድሁ።

እናታችን የምትኖረው ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለች መንደር ውስጥ ነው። ከአምባሰል በሙሽርነት መጥታ የገባችው እዚያ ነው። ቤቷን አባቴ ግድግዳውን ሲያቆም እሷ ድንጋይ በጀርባዋ እያመላለሰች ነው የሠሩት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። አጥር የምትጋራት አንዲት ጎረቤት አለቻት፤ ክርስቲያን ናት፣ እንደ እሷው ባሏ የሞተባት። ጦርነቱ በዚህ ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ ሁለቱ አልወጡም። የእናቴን ቤት ከውስጥ ዘግተው ሰነበቱ፤ አንዷ በመስገጃዋ፣ አንዷ በመቁጠሪያዋ። አላህ ሁለቱንም ጠበቃቸው።

የእናቴ ዐይን ከደከመ ቆይቷል። ጥላ ታያለች፤ ፊት አትለይም። ወንዝ የወረደች እንደሆነ፣ እሳት ያነደደች እንደሆነ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ልቤ አይቀመጥም። መሬቷ በስሟ ነው። የሚያርሰው ወንድሜ ነው፤ ምርቱን አምጥቶ እኩል ያካፍላታል፣ አንድም ቀን አጉድሎባት አያውቅም። ክፉ ሰው እንዳይመስል ነው ይህን የምናገረው። ክፉ አይደለም። ሐይቁ ዳር ባለው መሬት የውሃ ሞተር ተክሎ ሽንኩርት ሊያለማ ይፈልጋል። ቤቷ ያለችበትንም ቦታ አብሮ ሊያርሰው ያስባል። እሷን መንገድ ዳር ወደ ሠራው ቆርቆሮ ቤት ወስዶ ይጦራታል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ አንድ ገበሬ መሬቱን ለሚጦረው ሰው በስጦታ ማስተላለፍ ይችላል። ሁሉም ነገር በሕግ ነበር። የጨነቀኝም እሱው ነው።

ለእናቴ ደወልሁላት።

«እማ፣ እሺ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«ቤቱን ያፈርሰዋል እኮ።»

«ኸይር ነው፣ ልጄ።»

«አንቺስ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አፊያ ነሽ አንቺ? ልጆቹ አፊያ ናቸው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላገኘሁም።

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእናቴ ዘመን ሰዎች ዘንድ፣ ደጅህ ቆሞ የለመነህ ሰው በፊቱ እምቢ አይባልም። ነውር ነው። እሺ ይባላል፣ ኸይር ነው፣ ደግ ነው ይባላል። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ አንድ ጎረቤት በሌላ ጉዳይ መስሎ ወደ ለመነው ሰው ቤት ይሄዳል። ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ከብት ያወራል። ተነሥቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደርጋታል። እምቢታው ያ ነው። የለመነው አያፍርም፣ የተለመነውም አያፍርም። እኔን ለትዳር መጀመሪያ ሽማግሌ ልኮ የጠየቀ ሰው ነበር። አባቴ «እሺ፣ ኸይር ነው» ብሎ መርቆ ሸኛቸው። በማግስቱ አንድ ሸህ ወደ ሰውየው ቤት ሄዱ። ሁለተኛው ሲጠይቅም አባቴ ያንኑ አለ። ማንም ሳይላክ ቀረ። ባሌ እሱ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ስለዚህ እሺ ማለቷ ብቻውን ምንም አልነገረኝም። የምጠብቀው የሚላከውን ሰው ነበር። ረቡዕ ለወንድሜ ደውዬ «ከእማ ዘንድ ሰው አልመጣብህም?» አልሁት።

«ማን ይመጣል?»

«ማንም?»

«ማንም። ምን ሆነሻል?»

ያን ቀን በባሌ ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደንበኛ መልስ አሳስቼ ሸኘሁ። ምናልባት ፈቅዳ ይሆናል አልሁ። ምናልባት ደግሞ የምትልከው ሰው አጥታ። ቢሮ እንደ መንደር አይደለም። በእሺና በእምቢ መካከል ሌሊት የለውም። ትጠየቃለህ፣ ትመልሳለህ፣ ጣትህን ታሳርፋለህ፤ አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት ባጃጁ ቢሮው በር ላይ ሲቆም ቀድሜ ደርሼ ነበር። ወንድሜ ከፊት ወረደ። ከኋላ እናቴና ጎረቤቷ ተያይዘው ወጡ። ጎረቤቷ ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ፊቷ ገርጥቷል።

«እሷ ለምን መጣች?» አልሁት ቀስ ብዬ።

«እማ ነቻ! ምስክሬ እሷ ካልሆነች አልሄድም አለች። ሁለቱን መለየት ይቻላል እንዴ?» አለና ሳቀ።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ባለሙያ ልጅ እግር ናት። ወንበር ስባ እናቴን አስቀመጠቻት።

«እማማ፣ ልጆችዎ ውጭ ይቆዩልኝ። ለብቻዎ የምጠይቅዎት አለ» አለቻት።

ሕጉ እንዲህ ያዝዝ ይሁን ወይም የራሷ ጥንቃቄ ይሁን አላውቅም። አላህ ይስጣት። ወጣን። እኔ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ።

«ምን ያንቆራጥጥሻል?» አለኝ ወንድሜ። «ድርሻዬ ቀረ ብለሽ ነው? ያንቺ ባል ሱቅ አለው፤ መሬት ምን ይሠራልሻል?»

«መሬት አልፈለግሁም።»

«ታዲያ ቁጭ በያ!»

አልቻልሁም።

ተጠርተን ስንገባ ባለሙያዋ «ፈቅጄ ነው ብለዋል» አለችን። ጠብቄው ነበር። ልጅቷ ደግ ናት፤ ግን እሷም ሰው ናት፣ እሷም በአክብሮት ነው የጠየቀቻት። እናቴ በአክብሮት የጠየቃትን ሰው እንዴት አድርጋ እምቢ ትበል? ልናገር አሰብሁ። ብናገር ለመሬት ብላ ነው እባላለሁ። ተውሁት።

ባለሙያዋ ውሉን አነበበች፤ ከዚያም በቀላል ቃል አስረዳቻት። «ይህ ከተመዘገበ መሬቱ ከስምዎ ይወጣል፤ ቤቱ ያለበትም ጭምር። ልጅዎ የሚቀበለው እጦራለሁ ብሎ ነው። ካልጦረዎት ልጅዎን ፍርድ ቤት ከስሰው ስጦታው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ።»

እናቴ ሳቀች። «ልጄን ከስሼ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጡቴን የጠባውን? ዳኛ ፊት?»

«መብትዎ ስለሆነ ነው የምነግርዎት።»

«አላህ ያሳድግሽ። ታዲያ እሱን ከስሼ ቤቴ ስገባ ሲነጋ ለሱብሒ ሰላት የምታጠብበትን የውዱ ውሃ ማን ያቀርብልኛል? ዳኛው?»

ባለሙያዋ ሳቀች። ወንድሜም ሳቀ። እናቴ አውራ ጣቷን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋች። «በይ፣ ኸይር ነው። ቀለሙ የት አለ?»

«መጀመሪያ ምስክሮቹ ይፈርሙ።»

አንዱ ምስክር ባጃጁን የነዳው የወንድሜ ጓደኛ ነበር። ፈረመ። ተራው የጎረቤቷ ሆነ። ጎረቤቷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ይቅረቡ፣ እናቴ።»

«አልቀርብም።»

«ምነው?»

«ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልመሰክርም። በእመቤቴ፣ እኔም ሟች ነኝ።»

ወንድሜ ዞሮ አያት። «እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው? ራሷ አይደለችም እሺ ያለችኝ?»

«እሺማ ትላለች! ልጇ ለምኗት ምን ትበል? ማክሰኞ ደጅህ ድረስ መጥቼ ምን አልሁህ?»

«ምን አልሽኝ? ስለ ጉልበትሽ ነው ስታወሪኝ የነበረው።»

«ስወጣስ? በሩ ላይ?»

ወንድሜ አሰበ። «ቤቱን እሷ እያለች ባትነካው ጥሩ ነው አልሽ። እኔ ያንቺ ነገር መስሎኝ...»

«የእኔ! እኔ ምን አግብቶኝ? የራሴ ጣጣ መች አነሰኝ? ልካኝ ነው እንጂ!»

ወንድሜ የእኛ ዘመን ልጅ ነው። የጎረቤት ወሬ መስሎት የእናቱን እምቢታ ከጉልበት ሕመም ጋር አብሮ ረስቶታል።

ባለሙያዋ ወደ እናቴ ዝቅ አለች። «እማማ፣ እውነት ነው? አልፈለጉም?»

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። «እሷ ያለችው ነው።»

«እርስዎ ይበሉት እንጂ።»

«ወይ ጉድ!» አለች ጎረቤቷ። «በአፏ ማለት ብትችል እኔን በባጃጅ ስታናውጠኝ ትውላለች?»

ባለሙያዋ የቀለሙን ዕቃ ከድና ወደ ጎን አደረገችው። ይህን እንደማትመዘግብ ነገረችን። ሐይቁ ዳር ያለውን መሬት ወንድሜ በእናቴ ስም እንዳለ፣ በጽሑፍ ተዋውሎ ሊያለማው እንደሚችል፣ ከሞት በኋላ ስለሚሆነውም ኑዛዜ የሚባል ነገር እንዳለ አስረዳችን። «ምንም አያስቸኩልም» አለች። ከወንድሜ ስልክ ወዲህ ያልተጣደፈ ቃል ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ወንድሜ ቀድሞ ወጥቶ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ዐይኑ ቀልቷል።

«ለእኔ በአፏ መንገር አቃታት?»

«እንዳታፍር ብላ ነው።»

«አሁን አላፈርሁም?»

ምሳ ግባ ብዬ ብለምነው አልገባም። «ማሳው ይጠብቀኛል» አለና ሄደ። ማሳው ላይ የሚጠብቀው ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

እናቴና ጎረቤቷ እኔ ቤት ዋሉ። የበሉትን በሉ፣ ትንሽ ጋደም አሉ። እኔ ግን አሁንም አልተቀመጥሁም። ቤቷ አልፈረሰችም፤ ታዲያ ልጇ ከተቀየማት ውሃውን ማን ያቀርብላታል? እሳቱን ማን ያጠፋላታል? የከሰዓቱን የአስር ሰላት ሰግዳ መስገጃው ላይ እንዳለች አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እማ፣ እዚህ እኔ ዘንድ ኑሪ። ውሃው ደጅ ነው፣ መስጊዱ ቅርብ ነው፣ አዛኑን ትሰሚያለሽ።»

እጄን ያዘችኝ። «እሺ፣ ልጄ። አላህ ይውደድሽ። ኸይር ነው።»

ደስታዬ ሰማይ ነካ። እሷ መንደር እንደተመለሰች ባሌ የሱቁን ዕቃ ከጓዳ አወጣልኝ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። አዲስ ፍራሽ አስገባሁ። በሩ አጠገብ ለውዱዋ ማንቆርቆሪያ አስቀመጥሁ፤ ሳታይ እጇ እንዲያገኘው። ገብቼ አየዋለሁ፣ አንድ ክንድ ወዲያ እገፋዋለሁ፣ አንድ ክንድ ወዲህ እመልሰዋለሁ። መቼ እንደማመጣት ለመነጋገር ስደውል ስለ ልጆቹ ትጠይቀኛለች።

የገበያ ዕለት የቤቴ በር ተንኳኳ። ጎረቤቷ ናት። በፌስታል እሸት ይዛለች።

«ለገበያ መጥቼ፣ ሳልጠይቅሽ አልሄድም ብዬ ነው» አለች።

ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ አስገባኋት። ሻይ አፈላሁላት። ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ። ስለ ዝናቡ ነገረችኝ። በሬዋ ስለ ማነከሱ ነገረችኝ። እኔ ለሁሉም «እህ» እላለሁ፤ ዐይኔ በሩ ላይ ነው። ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። ደፍ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«እና ያቺ ክፍል» አለች፣ «ለእንግዳ ትሁን ትላለች። አንቺ መጥተሽ እደሪ፤ ሲርብሽም ሲከፋሽም። እሷ ግን ከደጇ አትንቀሳቀስም።»

ቀጥ ብላ አላየችኝም። እንዲያ ነው የሚደረገው።

እንባዬን ዋጥሁ። «ታዲያ ውሃውን ማን ያቀርብላታል?»

«ማን ያቀርብላታል? ወንድምሽ ነዋ። ሳይነጋ ይመጣል። በሩን ሳያንኳኳ ያስቀምጥላትና ይሄዳል። አላናገራትም፤ አኩርፏል።»

«እሷስ?»

«ኮቴውን ስትሰማ "ኸይር ነው" ትላለች።»

ሳቅሁ። ከዚያ አልሐምዱሊላህ አልሁ፣ ጮክ ብዬ። ልጁ አኩርፎ ውሃ ያቀርባል፤ እኔ ምን ጎደለብኝ? ሆኖም ልቤ አሁንም አልተቀመጠም። የሚቀመጥም አይመስለኝም። ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዝሁትን ጥዬ እሮጣለሁ። እናት ያለችው ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው፤ አላህ ያቆይልኝ።

ማንቆርቆሪያውን ከጓዳው አምጥቼ ሰጠኋት። «ይህን ለእማ ስጪልኝ። እሺ ብላለች በይልኝ።»

ጎረቤቷ ማንቆርቆሪያውን ብብቷ ሥር አድርጋ አተኩራ አየችኝ።

«ይህ እሺሽ የእውነት ነው? ወይስ ነገ ሰው ትልኪበታለሽ?»